በእጅ የሚረገጥ ፍሪሲዮን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

መኪናዋን አልሸጥም።

ሰላምታውን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። አውቅሃለሁ፤ «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ብጀምር፣ «ደግሞ ምን ልታመጣ ነው» እያልክ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ መጨረሻውን ቀድመህ ታነበዋለህ። ስለዚህ መጨረሻውን መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩልህ። አሁን መላጊያህን አኑርና ተረጋግተህ ተቀመጥ። እንዴት ነህ? ሚስትህስ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ለወጉ ያህል አይደለም፣ የምሬን ነው።

ትናንት ደውለህ «ገዢው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፤ ደላላው ነገሩን ጨርሶታል፤ አንቺ መፈረም ብቻ ነው የቀረሽ» ስትለኝ «እሺ» አልኩህ። በስልክ አንተን ማሸነፍ አልችልበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፅህን ስሰማ እግሬ ይታሰራል። አሁን የሚታሰረው አንድ ብቻ ቢሆንም ያው ይታሰራል። (ሳቅ እንጂ! አንተ ካልሳቅክልኝ ማን ይስቅልኛል?) ወረቀት ግን አያቋርጠኝም፤ «አንቺ ልጅ ስሚኝ» አይለኝም። ስለዚህ ዛሬ አንተ ትሰማለህ።

ያደረግክልኝን የምረሳ ውለታ ቢስ አይደለሁም። ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ የእንጨት ሥራ ቤትህን ዘግተህ መጥተህ፣ ከአልጋዬ አጠገብ ካርቶን አንጥፈህ ወለሉ ላይ ተኛህ። ሐኪሙ «ዕጢው አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፤ ግራ እግሯን ከጉልበት በላይ ካልቆረጥን ትሞትብናለች» ሲልህ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ። አንተ የመለስክለትንም ሰምቻለሁ። «የእኔን ቁረጡ» አልከው።  ከዚያ «ምን ላድርግ ታዲያ?» ብለህ አለቀስክ። እኔ የተኛሁ መሰልኩ። ይህን ነገር ባነሳው ሁለታችንም የምንችለው ስላልመሰለኝ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ መጋዝህንና መዶሻህን ይዘህ ተከተልከኝ። ከመኝታ ቤቴ እስከ መታጠቢያው ድረስ ግድግዳው ላይ መደገፊያ እንጨት ዘረጋህ፤ እጄን እንዳይወጋኝ በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ አሽተህ እንደ ሐር አደረግከው። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ዝቅ አደረግክ። መስኮቱ ሥር ክንድ ማሳረፊያው ሰፊ የሆነ ወንበር ሠራህልኝ፤ ትራሱን እንኳ ራስህ ሰፋኸው፣ ስፌቱ ጠማማ ቢሆንም። ጎረቤት እየመጣ አየ። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ግን አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቤቱን ዙሪያውን ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። መደገፊያው እንጨት ውጭ በር ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ያልቃል። ከበሩ ውጭ ያሉትን ሁለት ደረጃዎች ጨርሶ አልነካሃቸውም። አንተ ደግሞ ሥራ ረስተህ የምትሄድ ሰው አይደለህም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ አልጋ ብቻ እንድመላለስ አድርገህ ነው ቤቱን የሠራኸው። ስትሄድም የመኪናዬን ቁልፍ ከተሰቀለበት አውርደህ «ለጊዜው እኔ ጋ ይቆይ» ብለህ ኪስህ ከተትከው።

መኪናዋን መቼም ወደሃት አታውቅም። የገዛኋት ቀን ዙሪያዋን ዞረህ፣ ጎንበስ ብለህ ሥሯን አየህና «እህቴ፣ ይህቺ እኮ ሆዷ መሬት ለመሬት ነው። ለእንሽላሊት ነው እንዴ የሠሯት?» አልከኝ። እንደ ልማድህ ከኋላ ስትቀመጥ ጭንቅላትህ ጣሪያውን መታው። ያልከው ሁሉ ልክ ነው። አራት በር ያላት የቤት መኪና ትምሰል እንጂ ልቧ የሯጭ ነው። ነዳጅ ትጠጣለች። የፍጥነት መቀነሻ ባየሁ ቁጥር እንደ ሸርጣን በጎን ነው የምሻገረው፤ ያም ሆኖ አንዳንዴ ሆዷን ስትፋቅ እኔን ያመኛል። የበሯ ጎማ ንፋስ ሲነካው ያፏጫል።

ግን እኔ ቀኑን ሙሉ ከጥርስ ክሊኒኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል በሰምና በጄሶ መካከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ስቀርጽ የምውል ሴት ነኝ። አንገቴን ደፍቼ የሌላ ሰው ድድ ላይ አተኩሬ እውላለሁ። ሲመሽ ወጥቼ ሞተሯን ሳስነሳ ድምፁ ወንበሩን አልፎ ወገቤ ውስጥ ይገባል። ከክሊኒኩ በላይ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ስትይዝልኝ አንገቴ ቀና ይላል። በዓለም ላይ እኔ ያልኳትን ወዲያው የምትሰማ እሷ ብቻ ናት። አንተማ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ!

ጓደኞቼንም በእሷ ነው ያገኘኋቸው። ገና እንደገዛኋት ከፊት ለፊቴ የምትመጣ እንደኔዋ ያለች መኪና መብራቷን ሁለቴ ብልጭ አደረገችብኝ። ደነገጥኩ። በሯ አልተዘጋም? ጎማዬ ተንፍሷል? ዳር ይዤ ወርጄ ዞርኳት፤ ምንም የለም። ያቺ መኪና ተመልሳ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ጸጉራቸው ድብን ብሎ የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«መብራት አበሩብኝ እኮ፤ የተበላሸ ነገር ያዩ መስሎኝ ነው።»

«ሰላም ልልሽ ነዋ! አንድ ዓይነት መኪና ይዘን ዝም ብለን እንተላለፍ እንዴ? እግዜር ያሳይሽ፣ ሰላም ሲባል ወርዶ ጎማ የሚያይ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

እኚህ ሴትዮ እትዬ ቱርቦ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው ጓደኞቻቸው ናቸው፣ ምክንያቱን ከኋላቸው ተከትሎ የነዳ ያውቀዋል። እሳቸው ወስደው እንደኛዋ ያለች መኪና ከያዙት ከሁለቱ ጓደኞቻቸው ጋር አስተዋወቁኝ። አንዱን ብረቱ እንለዋለን፤ የመስኮት ፍርግርግና የግቢ በር የሚበይድ። ሌላው ሬዲዮ ላይ ዜና የሚያነብ ሰው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ ስለሚሰነብት ነው መሰል ከእኛ ጋር ሲሆን አፉን አይከፍትም፤ ስለዚህ ዝምታ እንለዋለን። ራሳችንን «ዝቅተኞቹ» ብለን ሰይመናል፤ መኪኖቻችን ዝቅ ያሉ ስለሆኑ። ቅዳሜ ከሰዓት መኪና እጥበቱ ጋ እንገናኛለን። የአንዳችን ፍሬን ሲያረጅ የሌላችን የመለዋወጫ ሣጥን ይከፈታል። አንዷ መኪና ኳ ኳ ካለች ሁላችንም ኮፈኗ ላይ ጆሯችንን ደፍተን እንደ ሐኪም እንከራከራለን፤ ሁሉም የሚሰማው የራሱን መኪና በሽታ ነው። አንተ «ሥራ ፈቶች» ትላቸዋለህ። ሆስፒታል የመጡ ቀንስ ምን አልክ?

ያን ቀን አትረሳውም። ዘመድ ሁሉ አልጋዬን ከቦ ከንፈሩን ይመጣል። እትዬ ቱርቦ ገቡና እንደ ሰው «አይዞሽ» ሳይሉ፣ ገና ከበሩ «የትኛው ነው?» አሉ።

«ግራው» አልኳቸው።

«የፍሪሲዮኑ!» ብለው ግንባራቸውን መቱና ተመልሰው ወጡ።

አንተ ፊትህ ጠቆረ። «ምን ዓይነት ሴትዮ ናት? እግር ነው እኮ የተቆረጠው!» አልክ። እኔ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ስፌቱ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሁሉም ያጣሁትን ሲቆጥርልኝ እሳቸው የሚቀጥለውን ሥራ፣ ማርሽ ስቀይር ፍሪሲዮኑን የሚረግጥልኝን እግር፣ ነበር ያሰቡት። ኋላ እንደነገሩኝ ከክፍሉ የወጡት ለብረቱ ለመደወል ነው።

አንተ ወደ ከተማህ ከተመለስክ በኋላ ሥራ ልጀምር ብዬ በአውቶቡስ ሞከርኩ። የመጀመሪያው መርገጫ ከጉልበቴ በላይ ነው። ሰዉ ደግ ነው፤ የጎዳኝ ደግነቱ ነው። አንዱ ብብቴን፣ አንዱ ቀበቶዬን ይዞ እንደ ጆንያ አስገቡኝ። ስወርድም እንዲሁ። ክሊኒኩ ስደርስ ሸሚዜ ከጉርድ ቀሚሴ ወጥቶ፣ አንድ ቁልፉ ተበጥሶ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። በማግስቱ ግን መስኮቱ ሥር ካለው ወንበርህ መነሳት አቃተኝ። በዚያው ሳምንት ዝቅተኞቹ መጡ።

የሁለተኛውን ቁልፍ ነገር አንተ ጠይቀኸኝ አታውቅም። መኪና ሲገዛ ሁለት ቁልፍ ነው የሚሰጠው፣ ወንድም ጋሼ። ሁለተኛው ክሊኒኩ ውስጥ የጄሶ መሳቢያዬ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔ በተኛሁበት ጊዜ ሁሉ እነሱ በዚያ ቁልፍ በየሳምንቱ ሞተሯን እያስነሱ ባትሪዋን በሕይወት አቆይተውልኛል።

አዲሱ ሰው ሠራሽ እግሬ ለመራመድ እየተለማመደልኝ ነው፤ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ግን አይሆንም። ፔዳሉ ላይ ይሁን ወለሉ ላይ አይነግረኝም። ብረቱ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ሲያይ ቆየና ወጣ። «ፍሪሲዮን እኮ እግር አይፈልግም» አለ። «መገፋት ነው የሚፈልገው። ማን ገፋኝ ብሎ አይጠይቅም።»

የመጀመሪያ ሥራው የማርሹ ዘንግ ላይ እጀታ አስሮ፣ ከእጀታው እስከ ፔዳሉ በሽቦ መሳብ ነበር። ሽቦው ከመክበዱ የተነሳ በሁለት እጅ እንኳ አልሳብ አለ፤ ጥርሴን ነክሼ ስስበው ተበጠሰና መኪናዋ እንደ ጥንቸል ዘላ ሞተሯ ጠፋ። ብረቱ ተሳደበ። ዝምታ የተበጠሰውን ሽቦ አንስቶ አየውና ለብረቱ ሰጠው። ከዚያ ብረቱ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል በዘይት ግፊት የሚሠራ እጀታ ፈትቶ አመጣ። እሱን እያሳጠረ፣ እያስረዘመ፣ ፔዳሉ በጣት ጭምቅ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ታገለው። አሁን መዳፌ ማርሹን ሲቀይር ጣቶቼ እጀታውን ይጨምቃሉ፤ ግራ እጄ መሪውን አይለቅም። ቀኝ እግሬ እንደ ድሮው ነዳጅና ፍሬን ላይ ነው።

ጨብጬ ስሞክረው ግን የእጀታው ብረት እጄን በላው። ያኔ የእኔ ሙያ ገባ። ሰም አለስልሼ እጀታው ላይ ጠቀለልኩና በልኬ ጨበጥኩት፤ የጣቶቼ ቅርጽ ወጣ። ክሊኒክ ወስጄ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ቀረጽኩት፤ ከምሠራበት ቁስ ነዋ፣ የድድ ቀለም ያለው ሮዝ ሆኖ ወጣ። እትዬ ቱርቦ ሲያዩት «አንቺ፣ ይህቺ መኪና ትነክሰናለች» አሉ። ጓንት የተሰፋልኝ ያህል ነው ልኬ። የተሽከርካሪ ምርመራው መሐንዲስም ሥሯ ገብቶ ፈትሾ «ጥሩ ነው» ብሎ ፈርሞበታል፤ በዚህ እንዳትጨነቅ።

ልምምዱ ሥራ ባቆመ የዱቄት ፋብሪካ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ ቱርቦ አጠገቤ ቁጭ ብለው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቁት፤ «እንደገና።» ሞተሯ ጠፋችብኝ፤ እንደገና። አለቀስኩ፤ መሐረብ አውጥተው ሰጡኝና፣ እንደገና። የእጄ ጡንቻ ከማበጡ የተነሳ በማግስቱ ክሊኒክ ውስጥ የሰም ቢላዬን መያዝ ያቅተኝ ነበር። ቀስ በቀስ እጄ የእግሬን ሥራ ለመደ። መጨረሻ ላይ ሳላስበው ማርሽ ቀየርኩ። እትዬ ቱርቦም «እንደገና» ሳይሉ መስኮት መስኮቱን አዩ።

የመንጃ ፈቃዴን ለማሳደስ ግን እንደ አዲስ መፈተን ነበረብኝ፤ ወደቅሁ። ዳገት ላይ ቁሚ፣ ተነሺ ተባልኩ። የተሠራው ዘዴ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚተውልኝ፣ እሱም መሪው ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ በድሮ ልማዴ የእጅ ፍሬኑን ልይዝ ሮዙን እጀታ ለቀቅሁት። ሞተሯ ጠፋች፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከኋላ የቆመውን ምልክት ገጨች። ፈታኙ ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ለምን ራስሽን ታስቸግሪያለሽ? ፍሪሲዮን የሌለው አውቶማቲክ መኪና ሞልቶ!» አለኝ። ቤት ገብቼ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩልህ። «በል ሽጣት» ያልኩህ ያን ቀን ነው። አንተ ምን ታደርግ፤ ያልኩህን ነው ያደረግከው።

ቅዳሜ መኪና እጥበቱ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። «ወንድሜ እንዲሸጣት ነግሬዋለሁ» አልኩ። ብረቱ ንጹሕ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ዝምታ ወርዶ የጎማ ንፋስ የሚለካ መሰለ። እትዬ ቱርቦ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መሸጥ መብትሽ ነው» አሉ። «ልጅ የሚያስተምር ይሸጣል፣ ቤት የሚሠራ ይሸጣል፣ የሰለቸው ይሸጣል። አንቺ ግን የምትሸጫት ዳገት ላይ ስለጠፋችብሽ ነው። ሒሳብ ሳስተምር አርጅቻለሁ፤ መልሱ ጠፋኝ ብሎ ደብተሩን የሸጠ ልጅ አላየሁም።»

«ሁሉም ሰው አውቶማቲክ ግዢ ይለኛል እኮ፣ እትዬ።»

«ግዢያ! ማን ከለከለሽ? ግን መጀመሪያ ይህቺን እለፊባት። ካለፍሽ በኋላ ከፈለግሽ ለብረት ለቃሚ በኪሎ ሽጫት፤ ሚዛኑን እኔ ራሴ እይዝልሻለሁ።»

አውቶማቲክ ለምን አልገዛሁም ትለኝ ይሆናል። ብገዛ ማንም አይወቅሰኝም፤ ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም እሱን እመክረው ነበር። ግን አስበው፤ ከታመምኩ ጀምሮ የምበላውን፣ የምተኛበትን፣ የሚቆረጥልኝን ሌላ ሰው ነው የወሰነልኝ። ሁሉም ለደህንነቴ ነው፤ ሁሉም ልክ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር እንኳ፣ ሰው ሁሉ «ተይው» ያለኝን አንድ ነገር፣ ራሴ ወስኜ ራሴ ማድረስ ፈለግሁ። ከዚያ በላይ ምክንያት የለኝም። አይበቃም?

ልምምዱን ቀጠልኩ፤ አሁን ዳገት ዳገቱን ብቻ። እትዬ ቱርቦ የእጅ ፍሬኑን በሻርፕ ጠቅልለው አሰሩት፣ እንዳልነካው። «በእግርሽ ፍሬኑን ያዢ፤ እጀታውን በጥቂት በጥቂቱ ልቀቂ፤ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥና አፍንጫዋ ከፍ ሲል ያዘችልሽ ማለት ነው፤ ያኔ እግርሽን ወደ ነዳጁ አዙሪ።» እንደገና። እንደገና።

በዚህ መሐል የክሊኒኩ ባለቤት ጠራችኝ። አቀርቅራ እስክሪብቶዋን እያገላበጠች «ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «መኪናዋ ከተሸጠች በኋላ እሱ ጋ ልትኖሪ ነው፣ ሥራውም ይቀርብሻል አለኝ። ላጣሽ አልፈልግም፤ ግን ሰው ልፈልግ ወይስ አልፈልግ?»

ተቆጣሁ፣ ወንድም ጋሼ። አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ ደብቄ አልጽፍልህም። መኪናዋን ሽጣት ብያለሁ፤ ሥራዬን ልቀቅልኝ አላልኩም፤ ቤቴን ዝጋልኝ አላልኩም። የጎን ክፍልህን ቀለም ቀብተህ፣ አልጋ ጠርበህ፣ እዚያም ግድግዳው ላይ መደገፊያ እየዘረጋህ መሆኑን ሚስትህ ነግራኛለች። እሷን አትቆጣት፤ ደስ ይላታል ብላ ነው። አልጋው መቼም ያምራል፤ አንተ የሠራኸው አይደል! ግን የእንግዳ አልጋ ይሁን። ስመጣ ሁለት ሌሊት አድሬበት እመለሳለሁ። ለክሊኒኩ ባለቤት «ሰው አትፈልጊ» ብያታለሁ።

ትናንት ወዲያ ሁለተኛውን ፈተና ገባሁ። ያው ፈታኝ ነው። እጀታውን አይቶ «አሁንም ይቺው ናት?» አለ። «ይቺው ናት» አልኩት። ዝቅተኞቹ ከአጥሩ ወዲያ ተደርድረው ቆመዋል፤ እትዬ ቱርቦ ሻርፓቸውን በጥርሳቸው ነክሰዋል። ዳገቱ መሐል ላይ «ቁሚ» አለኝ። ቆምኩ። ከኋላዬ ያው ምልክት ቆሟል። «ተነሺ።» ጣቶቼን ላላ አደረግሁ፣ ጥቂት፣ ደግሞ ጥቂት። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። አፍንጫዋ ከፍ አለ። እግሬን አዞርኩ። አንዲት ጣት ታህል እንኳ ወደ ኋላ ሳትል ሽቅብ ሄደች። የዳገቱ ጫፍ ላይ ደረስን። ፈታኙ «አቁሚ» አለና፣ ወረቀቱ ላይ ከመጻፉ በፊት «እጀታውን እኔም ልሞክረው?» አለኝ። ጨበጠው፤ ልኩ አልሆነም፤ የእኔ ልክ ነዋ።

ወርጄ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ሳነሳ ዝምታ፣ ዝምታው ሰውዬ፣ አጥሩን ይዞ «አለፈች!» ብሎ ጮኸ። በዜና ድምፁ ነው የጮኸው፤ በግቢው ያለ ተፈታኝ ሁሉ ዞሮ አየ። አንድ ሾፌርማ «ማን አለፈች? ምን ተፈጠረ?» እያለ ስልኩን አወጣ።

ያኔውኑ ልደውልልህ ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ቀኑ መሸ። በማግስቱ ስልኬን እንዳነሳሁ አንተ ቀደምከኝ፤ ገዢ ተገኘ አልከኝ። ድምፅህ ደስ ብሎት ነበር። የገላገልከኝ መስሎሃል። ለዚህ ነው «እሺ» ያልኩህ።

ፈርተህ እንደሆነ አውቃለሁ። ትዝ ይልሃል፣ ትምህርት ቤት ስንሄድ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ጎርፍ ይሆን ነበር፤ አንተ ጫማህን በጥርስህ ነክሰህ እኔን አዝለህ ትሻገራለህ። አንድ ቀን «ዛሬ በራሴ ልሻገር» ብልህ ጫማው አፍህ ውስጥ ስላለ በቅጡ መቆጣት እንኳ አልቻልክም፤ ብቻ አጉረመረምክ። መሐል ስንደርስ አንተው አዳለጠህና ሁለታችንም ተንቦጫረቅን። እናታችን በአንድ ፎጣ እያሸችን ስትስቅ ዋለች። ከዚያ በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የተሻገርነው፤ ተመልሰንም አልወደቅንም። ሆስፒታል ውስጥ «የእኔን ቁረጡ» ያልክ ጊዜ አሁንም ልታዝለኝ እንደፈለግክ ገባኝ። ወንድሜ፣ ይህን ያህል የተወደደ ሰው ብዙ የለም። ግን ወርጃለሁ። አጠገብህ ነኝ፤ ወርጃለሁ።

ለገዢው ራሴ ደውዬ ነገርኩት። የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነው። መጀመሪያ ቅር አለው፤ «ለምን ሐሳብሽን ቀየርሽ?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት። «እኔም ብሆን አልሸጣትም» አለኝ። ዝምታ እንደኛዎቹ ያለች አንዲት የምትሸጥ መኪና ያውቃል፤ ቅዳሜ ሳምንት ሰውዬው መኪና እጥበቱ ጋ መጥቶ ያያታል። ደላላው ግን በጣም ተቆጥቷል። እሱን አንተው ተወጣው፤ ያመጣኸው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅዳሜ ጠዋት ገዢ ይመጣበታል ባልከው ሰዓት እኔ ወደ አንተ መንገድ ላይ ነኝ። ጠመዝማዛውን ዳገት አውቀዋለሁ፤ የፈተናው ዳገት ከእሱ ጋር ሲተያይ ሜዳ ነው። ዝቅተኞቹ አብረውኝ ይመጣሉ። ብረቱ ከኋላዬ ነው፣ መፍቻዎቹን ሁሉ ይዞ። ዝምታ ከእሱ ኋላ። እትዬ ቱርቦ ከፊት ናቸው፤ ከኋላ ይሁኑ ብላቸው የሚሰሙኝ ይመስልሃል? በየማረፊያው ቆም እያልን እጄን አሳርፋለሁ፤ ከቸኮልኩ ይቆጡኛል፤ አትስጋ። ለእንግዶቼ ወንበር አዘጋጅላቸው፤ «ሥራ ፈቶች» እንዳትላቸው፤ እትዬ ቱርቦን ደግሞ ያን ቀን ስለተቆጣሃቸው ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ባይጠብቁህም ጠይቃቸው።

ቁልፌን ከኪስህ አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥልኝ። ከዚያ አንተን ከፊት አስቀምጬ አንድ ዙር እናዞራታለን። በዚያች መኪና ከፊት ተቀምጠህ አታውቅም፤ ከፊት ጣሪያው ጭንቅላት አይመታም። የምትፈራ ከሆነ ዓይንህን ጨፍን፤ ግን እጀታውን ስጨምቅ አንድ ጊዜ እንኳ እጄን እየኝ። ስንመለስ እንጣላ ካልክ እንጣላለን።

ስደርስ ግን ወጥተህ በእጅህ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ» እያልክ እንዳትመራኝ። ልትደግፈኝም እንዳትሮጥ። የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ በርግደውና ከመንገዱ ገለል በል። እኔ ራሴ አስገባታለሁ።

የምትወድህ፣
ታናሽ እህትህ